ይሄ ቁጥር ማንን ጠይቆ ነው?

ስልኬ ውስጥ አንድ ፎቶ አለ። በየጊዜው ልሰርዘው እላለሁ፣ አልሰርዘውም። የኤሌክትሪክ መኪናዬ ዳሽቦርድ ነው። ባትሪው 62% ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ በዚያ ትሄዳለች የሚለው ርቀት፣ 248 ኪ.ሜ.። ጧት 1 ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ግቢዬ ውስጥ ሆኜ ያነሳሁት ነው። ለአንድ ጓደኛዬ ልልክለት ነበር። እሱ ነዳጅ ሰልፍ ላይ አድሯል፤ እኔ ደብረ ታቦር ደርሼ ልመለስ ነው። ትንሽ ጉራ ነበረበት፣ አልክድም።

የባለቤቴ የአክስቷ ባል አርፈው ነው የምንሄደው። መርዶው የመጣው ማታ ነው። መብራት ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ የለም፣ ስለዚህ መኪናዋ ባለችበት አደረች፣ 62 ላይ። ግን አልጨነቀኝም። ደብረ ታቦር ከቤቴ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ 200። ከ248 ላይ 200 ሲቀነስ 48 ይተርፋል። የአራተኛ ክፍል ሂሳብ ነው። ይኼው ሂሳብ ነው እስከ ዛሬ የሚነዘንዘኝ፣ ምክንያቱም ቅነሳው ልክ ነው፣ አንድ ቁጥር እንኳ አልተሳሳትኩም።

አራት ነበርን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ እህቷ፣ እና የአባቷ ወንድም ጋሼ። ከኋላ ሁለት ካሳ ውሃና ልቅሶ ቤት የሚደርስ እንጀራ ጭነናል። ጋሼ ከ30 ዓመት በላይ አይሱዙ የነዱ ሰው ናቸው። ከጎኔ ተቀመጡ፣ ቀበቶ አሰሩ፣ ዳሽቦርዱን አዩና ምንም አላሉም። እኔ ግን አላስቻለኝም። "ጋሼ፣ 248 ይላል፣ ደርሰን እንመለሳለን" አልኳቸው። "ጥሩ ነው" አሉ።

ከወረታ ወዲያ

ዓባይን ተሻግረን እስከ ወረታ ያለው መንገድ ሜዳ ነው። የፎገራ የሩዝ ማሳ በግራ በቀኝ፣ ከብት መንገድ ሲያቋርጥ ቆም፣ ከዚያ እንደገና 80። ወረታ ስንደርስ 58 ኪሎ ሜትር ሄደናል። ቁጥሩ 168 ሆኗል። 58 ሄጄ 80 ወረደብኝ። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር የት እንደገባ አላውቅም። ኤሲው ነው አልኩና አጠፋሁት። ከኋላ ሁለቱ እህትማማቾች ዝም ብለው መስኮት አወረዱ።

ከወረታ ወደ ዓለም በር ሲታጠፍ ነገሩ ሌላ ሆነ። ይህን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ደብረ ታቦር ድረስ በአብዛኛው ወደ ላይ ነው። ከሐይቁ ዳር 1,800 ሜትር ላይ ተነስተህ 2,700 ሜትር ላይ ትቆማለህ። ቁጥሩ በዳገቱ ላይ እንደ ታክሲ ቆጣሪ ወደ ኋላ ይሮጥ ጀመር። 152። 132። 104። ጠመዝማዛውን ትቼ እሱን ማየት ጀመርኩ፣ ጋሼም እኔን ማየት ጀመሩ። በ42 ኪሎ ሜትር 112 ኪሎ ሜትር ጠፋ። ልቅሶ ቤቱ በር ላይ ስቆም 14% ይላል፣ 56 ኪ.ሜ.።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባል የለ? የኔ ላም ዳሽቦርድ ላይ ነበረች።

ልቅሶ ቤት መኪና መሰካት

ልቅሶ ቤት ገብተህ፣ አልቅሰህ ወይም ያለቀስህ መስለህ ተቀምጠህ፣ "ይቅርታ፣ መኪናዬን የምሰካበት ሶኬት ይኖራል?" ብሎ መጠየቅ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። የሟችን ቤት አልደፈርኩም። ባለቤቴ ጎረቤት ያሉትን እናት አናገረችልኝ። እሳቸው መኪናዋን ዞረው አዩ፣ ገመዱን አዩ፣ ከዚያ ዋናውን ነገር ጠየቁ። "ልጄ፣ ካርዴን አይጨርስብኝም?"

ጥሩ ጥያቄ ነው። ከመኪናዋ ጋር የመጣው የግድግዳ ሶኬት ቻርጀር 2 ኪሎዋት ገደማ ነው የሚስበው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከዚያ በላይ ይስባል፣ 3 ኪሎዋት ተኩል አካባቢ። "እማማ፣ እንጀራ ሲጋግሩ ከሚፈጀው ያነሰ ነው፣ ግን ረጅም ሰዓት ይቆያል" አልኳቸው። በምጣድ ሲነገራቸው ወዲያው ገባቸው። ሰካሁ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ነበር። በልቤ እስከ 9 ሰዓት ብትቆይ ይበቃኛል ብያለሁ።

7 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።

ወጥቼ ሳይ 27% ላይ ቆማለች። 108 ኪ.ሜ. ይላል። መንገዳችን 100። ከመሸ መንገድ የማይወጣበት ጊዜ ነው፣ ማደር ደግሞ አልታሰበም። ጋሼ ከድንኳኑ ወጥተው አጠገቤ ቆሙ። ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉና፣

"ስንት ይላል?"

"108።"

"ጧት ስንነሳ 248 ነበር ያልከኝ።"

"አዎ ጋሼ።"

"ስንደርስ 56።"

"አዎ።"

ትንሽ ዝም አሉ። "ይሄ ቁጥር ማንን ጠይቆ ነው እንደዚህ የሚለው?"

ኮምፒውተሩ ነው የሚያሰላው ምናምን ብዬ ጀመርኩ። አቋረጡኝ። "እሱማ ገባኝ። ማንን ጠይቆ ነው የምልህ። ዳገት እንዳለብህ ያውቃል? አራት ሰው እንደጫንክ ያውቃል? እኔ ጭነት ሲመጣልኝ ባለ ጭነቱን እጠይቃለሁ። ምንድን ነው፣ ስንት ኩንታል ነው፣ የት ነው የሚራገፈው። ነዳጅ የምቀዳው ከዚያ በኋላ ነው።"

መልስ አልነበረኝም። አፍሬ ስልኬን አወጣሁ፣ ምን ልፈልግ እንደሆነ ሳላውቅ። የጧቱ ፎቶ መጣ። 62፣ 248። ካልኩሌተር ከፈትኩና 248ን ለ62 አካፈልኩ። 4። ስደርስ የነበረውን አካፈልኩ፣ 56 ለ14። 4። አሁን ያለውን፣ 108 ለ27። 4። ልክ አራት፣ ነጥብ እንኳ የለውም።

እዚያ ግቢ ውስጥ፣ ከጎኔ ሰው እያለቀሰ፣ ሳቄ መጣ። ለካ ማሽኑ አያስብም። አንድ ፐርሰንት በሆነ ቁጥር አራት ኪሎ ሜትር ብሎ የሚያባዛ ነገር ነው። ሜዳ ይሁን ዳገት፣ ብቻዬን ልሁን ከነቤተሰቤ፣ 30 ልንዳ 90፣ በአራት ያባዛል። እኔ ደግሞ እንደ ትንበያ አምኜው ነበር። ጋሼን "ማንንም አልጠየቀም" አልኳቸው። "እንደጠረጠርኩት ነው" አሉና ወደ ድንኳኑ ተመለሱ።

አራት ከየት መጣች

ከተመለስኩ በኋላ ነው ነገሩን የቆፈርኩት። ባትሪዋ 45 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ሻጩ "400 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች" ብሎኛል። 400 ለ100፣ አራት። በቃ፣ የምስጢሩ መጨረሻ ይሄ ነው።

400ዋ የመጣችው ሲ.ኤል.ቲ.ሲ. ከሚባለው የቻይና መለኪያ ነው። ሻጩ አልዋሸም፣ ፈተናው እውነተኛ ፈተና ነው። ግን ፈተናውን ስሙት። መኪናዋ በአንድ ክፍል ውስጥ በሚሽከረከሩ ሲሊንደሮች ላይ ቆማ ትሮጣለች። አንዱ ዙር 30 ደቂቃ ነው፣ 14 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ነው። ለጥቂት ሰከንድ 114 ትደርሳለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከተማ ውስጥ እንዳለ ሰው ትነዳለች፣ ትቆማለች። ዳገት የለም። ኤሲ የለም። አማች የለም።

በዚህ ከሄድን ባሕር ዳር ለዚያ ፈተና የተሠራች ከተማ ናት። ሜዳ፣ ዘንባባ፣ ባጃጅ ፊት ለፊትህ ድንገት ሲቆም በ25 መንዳት። ከቤቴ ቢሮ፣ ከቢሮ ሐይቅ ዳር፣ ከሐይቅ ዳር ቤት። ለስድስት ወር አራቷ ልክ ነበረች ማለት ይቻላል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እሄድ ነበር። ያሳሳተኝ ይሄ ነው። ሁልጊዜ የሚዋሽ ሰው አያታልልም። ስድስት ወር እውነት ተናግሮ አንድ ቀን የሚዋሸው ነው ጉድ የሚሠራህ።

ሜዳው ላይ በ80 ስንነዳ ያቺ አንድ ፐርሰንት የሰጠችኝ ሦስት ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላችም። ዳገቱ ላይ አንድ ተኩል። ዳገቱ ደግሞ የፊዚክስ ጉዳይ ነው፣ ጸባይ አይለምንም። ከነጭነቱ ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 100 ሜትር ከፍ ለማድረግ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። 900 ሜትር ማለት 5 ኪሎዋት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከባትሪዬ ላይ 11 ፐርሰንት፣ ወደ ፊት አንድ ሜትር ሳልራመድ፣ ወደ ላይ ለመውጣት ብቻ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ነዳጅ ጌጅና ሃይላንድ

ለምን አመንኩት የሚለው ነው ያልለቀቀኝ። ከዚህ በፊት አሮጌ ቪትዝ ነበረችኝ። የእሷ ጌጅ ከግማሽ በላይ እያለች አትንቀሳቀስም፣ ከግማሽ በታች ስትሆን እንደ ድንጋይ ትወርዳለች። ሁሉም ሹፌር ይህን ያውቃል። ቀዩ መብራት ሲበራ ስንት እንደምትሄድ እኔ አውቃለሁ፣ መኪናዋ አታውቅም። ጌጇ "ይህን ያህል አለህ" ትላለች እንጂ "ይህን ያህል ትሄዳለህ" አትልም። ያንን ሂሳብ የምሠራው እኔ ነኝ፣ መንገዱን እያየሁ። አዲሷ መኪና ሂሳቡን ከእጄ ወሰደችና ራሷ መልስ ሰጠች፣ በኪሎ ሜትር፣ በጥርት ያለ ቁጥር። ጥርት ያለ ቁጥር ደግሞ ያሳምናል። "240 ገደማ" ቢለኝ ኖሮ እጠራጠር ነበር። 248 ሲለኝ ቆጥሮ ነው አልኩ።

ሌላው ነገር፣ ቤንዚን ቢያልቅብህ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ሰው በሃይላንድ ያመጣልሃል። በውድ፣ በድብቅ፣ አንዳንዴ ምን እንደተቀላቀለበት ሳይታወቅ፣ ግን ያመጣልሃል። ኤሌክትሪክ በሃይላንድ አይመጣም። ስለዚህ የበፊቱ ግድየለሽነት በዚህኛው አይሠራም። ሰዎች ታዲያ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደው መኪናውን እንደ ስልክ ያዩታል። አንድ ጎረቤቴ 40% ሲሆን መጨነቅ ይጀምራል፣ ስልኩ በ40% ምሽቱን ስለማያደርሰው። 40% በከተማችን የአንድ ሳምንት መንገድ ነው ብለው አያምነኝም።

የዚሁ ጎረቤቴ መኪና ከእኔዋ ትለያለች። የእሱዋ ትማራለች፤ በቅርቡ የነዳኸውን አይታ ቁጥሩን ታስተካክላለች። ይሄ የተሻለ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜም ነው። ግን እሷም የምታውቀው ያለፈውን ነው። አንድ ቀን ቤዛዊት ተራራ ላይ ወጥተን ስንወርድ ቁጥሩ ጨምሮ አገኘነው፣ ልክ ዓለም በሙሉ ከቤዛዊት ቁልቁለት ብቻ የተሠራች ይመስል። የእኔዋ ምንም አትማርም፣ የእሱዋ ከትናንት ብቻ ትማራለች። ነገ የት እንደምንሄድ ሁለቱም አልጠየቁንም።

ፐርሰንቱ ራሱስ? እሱም ግምት ነው፣ ይሄን ሳውቅ ደንግጫለሁ። የእኔዋ ባትሪ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚሉት ዓይነት ነው። ዕድሜው ረጅም ነው፣ እንደ ሌሎቹ ቶሎ እሳት አይነሳበትም፣ ግን አንድ ጠባይ አለው። መሃል ላይ ሲሆን፣ ይሙላም ይጉደልም፣ እያንዳንዱ ሴል 3.2 ቮልት አካባቢ ላይ ቁጭ ይላል። የቡታጋዝ ሲሊንደር አስቡ። እሳቱ እስከ መጨረሻው እኩል ይነዳል፣ ከዚያ ወጡ ሳይበስል ጥፍት። ሙሉ ይሁን ሩብ ከእሳቱ አይታወቅም። ስለዚህ መኪናዋ የገባውንና የወጣውን እንደ ባለ ሱቅ ደብተር እየመዘገበች ነው ፐርሰንቱን የምትነግረኝ። ደብተር ደግሞ ውሎ አድሮ ይዛባል። አልፎ አልፎ 100 ድረስ ስትሞላ ነው ሂሳቡን የምትዘጋውና እንደ አዲስ የምትጀምረው። አንዳንድ አምራቾች እንዲህ ዓይነቱን ባትሪ በየሳምንቱ አንዴ ሙሉ አድርጉ የሚሉት ለዚህ ነው። ጎረቤቴ "ከ80 በላይ አይሞላም" የሚል ምክር ከሆነ ቦታ ሰምቶ ወራት ሙሉ አልሞላም ነበር። አንድ ቀን 9 ላይ ያለው ድንገት 3 ሆነበት። ምክሩ ለሌላ ዓይነት ባትሪ ነበር።

ቁልቁለቱ

9 ሰዓት ላይ ተነሳን። የጎረቤት እናት ብር አልቀበልም አሉ፣ ስኳርና ቡና አስቀመጥንላቸው። መሪውን ስይዝ ሆዴ ባር ባር ይላል። ጋሼ "አሁን ያንን አትየው" አሉኝና ቁጥሩን በመዳፋቸው ሸፈኑት። እውነቴን ነው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ጋረዱት። "ቁልቁለት ነው። እግርህን አንሳ።"

እግሬን አነሳሁ። ኤሌክትሪክ መኪና የነዳ ሰው የሚያውቀው ስሜት ነው፣ ነዳጅ መስጫውን ስትለቅ ከኋላ የሆነ እጅ ቀስ ብሎ እንደሚይዝህ። ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፣ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ጋሼ ያንን ያዝ የማድረግ ነገር ወደዱት። "በማርሽ እንደመያዝ ነው" አሉ። "ማርሽ አውጥቶ በፎሌ የለቀቀ ሹፌር እዚች ጋ ነው የሚገለበጠው።" የሆነ መታጠፊያ ላይ መዳፋቸውን አነሱና አዩ። 26 የነበረው 27 ሆኗል።

"እየሄድን ይጨምራል እንዴ?"

"ይጨምራል ጋሼ።"

ከኋላ ባለቤቴና እህቷ አንገታቸውን አስግገው መጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ሁላችንም ሳቅን። ጋሼ ግን ቶሎ ወደ ሂሳባቸው ተመለሱ። "ዳገቱ የተበደረህን እየመለሰ ነው። ሁሉን ግን አይመልስልህም፣ ተበዳሪ ነዋ።" ልክ ናቸው። ዳገቱ ከወሰደው ላይ ትንሽ ትንሹ በሙቀት ጠፍቷል፣ በፍሬን ጠፍቷል፣ በንፋስ ጠፍቷል። ወረታ ስንደርስ 22 ነበር። ጧት 28 ፐርሰንት የበላው መንገድ ሲመለስ 5 ብቻ በላ። ያው መንገድ፣ ያው 42 ኪሎ ሜትር፣ ያው መኪና። "ደብረ ታቦር ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" የሚለው ጥያቄ ራሱ ግማሽ ጥያቄ እንደሆነ እዚያ ገባኝ። ስትሄድ ነው ስትመለስ?

ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡ ባለ ታንኳዎች ይህን ድሮ ያውቁታል። አንዱን ሐይቅ ዳር ላይ ዘጌ በታንኳ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠይቄው ነበር። "በጧት ነው ከሰዓት?" አለኝ፣ ከሰዓት ንፋሱ ይነሳልና። ቀጥሎ "ታንኳው ደረቅ ነው?" አለ። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ውሃ ይጠጣል፣ የጠጣ ታንኳ ይከብዳል፣ ለዚያ ነው ዳር አውጥተው ቀጥ አድርገው የሚያደርቁት። ለአንድ ጥያቄዬ ሁለት ጥያቄ መለሰልኝ፣ ቁጥር ግን አልሰጠኝም። ያን ጊዜ መልስ የከለከለኝ መስሎኝ ነበር።

ከወረታ በኋላ በ60 ነዳሁ። ሲኖትራክ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈኝ፣ ባጃጅ አለፈኝ፣ እግዜር ይይልኝ አንድ ጋሪ ሊያልፈኝ ምንም አልቀረውም። ጧት 20 ፐርሰንት የበላው ሜዳ 15 በላ። ዓባይ ድልድይ ላይ ስንደርስ 12 ሰዓት ሊሆን ነው፣ ውሃው ላይ የቀረችው ብርሃን ትንሽ ናት። 7% ይላል። ጋሼ ከድልድዩ ወዲያ ያለውን የነዳጅ ሰልፍ አዩና "በኔ አይሱዙ ብንሄድ ኖሮ ገና እዚያ ነበርን" አሉ። ይቅርታ ይሁን ምስጋና አልገባኝም።

አሁን መኪናዋ ውስጥ ትንሽ ደብተር አለች። ባሕር ዳር ወረታ፣ 20። ወረታ ደብረ ታቦር፣ 28። ሲመለስ 5። በ60 ከሆነ ወረታ ባሕር ዳር፣ 15። ኪሎ ሜትር የሚለው ላይ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ፣ ባለቤቴ ዳሽቦርዱ አስጠላ ብላ ተነጫንጫለች። በሚቀጥለው ወር እንጅባራ ሰርግ አለብን። ያም ወደ ላይ ነው፣ 2,500 ሜትር ያልፋል፣ ርቀቱም ከደብረ ታቦር ይበልጣል። ባለፈው እሁድ ጋሼ ቤት መጥተው ደብተሯን ተቀበሉኝ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስንት ሰው እንደምንሄድ ጠየቁ፣ ከኋላ ምን እንደምንጭን ጠየቁ። ከዚያ በእርሳስ 55 ብለው ጻፉ። እኔ 50 ብያለሁ። የተሸነፈ ቡና ይጋብዛል።